በረኪና የሸተተ ቀፎ

ንቦቹ ከቀፎው ወጥተው በአፉ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም ተንጠልጥለው ሳይ መጀመሪያ የሞቃቸው መሰለኝ። የጥቅምት ፀሐይ ገና ከጎረቤት ባሕር ዛፍ አናት ከፍ ማለቷ ነበር። ጤዛው ከሣሩ አልለቀቀም። እኔም ነጠላዬን ደርቤ ነው የቆምሁት። በዚህ ብርድ ማንን ይሞቀዋል ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። 

ጠጋ ብዬ ጎንበስ አልሁ። ከልጅነቴ የማውቀው ያ ረዥም፣ የማይቆረጥ ዝማሬ የለም። በምትኩ አጠር አጠር ያለ ድምፅ ይሰማል፣ ቤት የሚለቅ ሰው ዕቃውን ሲያነሣ እንደሚያሰማው ያለ። የሚወጣ እንጂ የሚገባ የለም። ከሜዳ የምትመጣዋ ንብ እንኳ አፉ ድረስ ትመጣና አሽትታ ትመለሳለች። እኔም እንደ እሷ አፍንጫዬን አስጠጋሁ።

የሸተተኝ አሥራ ሰባት ዓመት የማውቀው ሽታ ነው። በረኪና። እጄን አሸተትሁ። እጄም እሱኑ ይሸታል።

የነበረኝ መንጋ ያ አንድ መንጋ ነው። ቋሚ ሥራዬን የለቀቅሁት እሱን ተማምኜ ነው። እሱ ከሄደ የምመለስበት ሥራ የለኝም፣ ልጄን የማስተምርበትም የለኝም።

ነገሩን ከወዲያ ልጀምረው። እኔ ፍኖተ ሰላም በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጽዳት ነበርሁ። ከአራተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ እሱንም የጨረስሁት በማታ ነው። ጠዋት ሰው ሳይመጣ ሦስቱን ፎቅ ጠርጌ እወለውላለሁ፣ ከሰዓት መስኮት እጠርጋለሁ፣ በመሐል ፋይል ከቢሮ ቢሮ አደርሳለሁ። ከፍቶኝ አያውቅም። ወሩ ሲደርስ ደመወዙ ይደርሳል። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች። አባቷ እሷ ገና በእቅፍ ሳለች ነው የሞተብን። ሁለታችንን ያቆመን ያ ሥራ ነው።

አባቴ ግን ንብ አርቢ ነበሩ። አገራችን ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ወረድ ብሎ ነው። የልጅነት መኝታዬ ከግድግዳው ጥግ ያለው መደብ ነበር፣ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ በጣሪያው ክዳን ሥር የአባቴ ቀፎ ነበር። ጭቃው ስስ ነው። ጆሮዬን ስጥል የምሰማው እሱን ነው። እንቅልፍ የሚባለው ነገር ራሱ ያ ድምፅ ይመስለኝ ነበር፤ ከግድግዳው ወጥቶ በጆሮዬ የሚገባ፣ በሰውነቴ ተሞልቶ ጠዋት ተመልሶ ወደ አበባ የሚሄድ። አባቴ ይኸን ብነግራቸው ሣቁና፣ "እንግዲያስ ስትነቂ ማር ማር ትሸቻለሽ" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ክንዴን እያሸተትሁ አደግሁ።

ባለፈው ዓመት አባቴ ዐረፉ። ለተዝካራቸው አገር ቤት ሄጄ፣ ሰው በልቶ ሲበተን፣ ያን መደብ ፍለጋ ገባሁ። ቤቱ ጎብጧል። ከቀፎዎቹ ስምንቱ ባዶ ናቸው፤ አይጥና ጉንዳን ገብቶባቸዋል። ዘጠነኛው ግን እዚያው ክዳኑ ሥር አለ። ጆሮዬን በጭቃው ላይ ጣልሁት። አለ። ያው ድምፅ፣ ያው ቦታ፣ እኔ ብቻ አርጅቻለሁ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ወንድሜ ሲፈልገኝ መጥቶ ግድግዳ አቅፌ አገኘኝ፣ ያለቀስሁ መስሎት ትከሻዬን ያዘኝ። አላለቀስሁም ነበር።

ወደ ሥራዬ ከተመለስሁ በኋላ ድምፁ አልለቀቀኝም። በውሃ ባልዲው ውስጥ እሰማዋለሁ። ባለጉዳይ ኮሪደሩ ላይ ተሰልፎ ሲያጉረመርም እሰማዋለሁ። አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ እወለውላለሁ፣ ያልወለወልሁትን እረሳለሁ። ቆሜ የማየውን ሲጠይቁኝ ምንም አላየሁም። ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ቅዳሜ ልጄን ወረቀትና ብዕር አምጪ አልኋት።

"ምን ልትጽፊ ነው እማ?"

"አንቺ ነሽ የምትጽፊው። መልቀቂያ።"

ብዕሩን አስቀመጠችው። ከዚያ መልሳ አነሣችው፤ ልጄ እንደዚያ ናት፣ ክርክሯን በሥራ መሐል ነው የምታመጣው።

"ምክንያት ይላል። ምን ልበል?"

"አባቴ ሞቱ በይ።"

"እሱ የሐዘን ፈቃድ ያሰጣል እንጂ ከሥራ አያስለቅቅም።"

"እንግዲያስ ንብ ላረባ ነው በይ።"

"ይሥቁብሻል።"

"ይሣቁ።"

በግል ጉዳይ ብላ ጻፈችው። እኔ ያልኋትን እንዳልጻፈች ያወቅሁት ኃላፊው ጮክ ብሎ ሲያነብበው ነው። ልጅ እግር ነው፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

"እትዬ፣ ያስቀየመዎት ሰው አለ?"

"ኧረ የለም።"

"ለጡረታ እኮ ብዙ አልቀረዎትም።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

እውነቱን ልንገረው ብዬ፣ "ድምፅ እየሰማሁ ነው" አልሁት።

"የምን ድምፅ?"

"የንብ።"

ወረቀቱን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጠበል ሞክረዋል?" አለኝ።

ሰኞ በእኔ ቦታ ሌላ ሴት ገባች። ሽርጤን ለሷ ሰጠኋት። ልጄን ፍኖተ ሰላም ከጎረቤታችን ከአንዲት አስተማሪ ዘንድ አስጠግቼ፣ ዕቃዬን ይዤ አባቴ ቤት ገባሁ። ወንድሜ ከእኛ ቤት ወረድ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነው፣ በቆሎና ጤፍ ያርሳል። ንብ አይወድም። አባቴ ከእሱ ጋር ሲጣሉ የኖሩት በዚሁ ነው።

"እታለም" አለኝ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ቋሚ ነበርሽ አይደል?"

"ነበርሁ።"

"አዬ። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር። ንብ አለኝ በሰማይ የሚል ሰው ግን ገና በእህቴ አየሁ።"

"አንዱ ቀፎ ሙሉ ነው። እሱ መንጋ ይሰጣል፣ ሌሎቹም በአበባው ጊዜ ይሞላሉ።"

"አባባ ሲኖሩ ይሞላ ነበር" አለና ሄደ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ያን ቤት ስከፍት ያየሁት ቆሻሻ ነው። ቀፎዎቹ በጭስ የጠቆሩ፣ በእበት የተለቀለቁ፣ ውስጣቸው አሮጌ ሰም የተጋገረባቸው፣ ሸረሪት ያደራባቸው። አሥራ ሰባት ዓመት ዓይኔ የተማረው አንድ ነገር ነው፤ ቆሻሻ ሲያይ እጅ ይነሣል። ሰው ወደ ንጹሕ ቤት እንጂ ወደ ቆሻሻ አይገባም፣ ንብስ ቢሆን ብዬ አሰብሁ። ከከተማ ያመጣሁትን በረኪና በባልዲ በጥብጬ ስምንቱን ቀፎ ፋቅሁ፣ አጠብሁ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። ሰምና እበቱ ለቆ ቀፎው የተሠራበት ሽመል እንደ አዲስ ነጣ። ደስ አለኝ። በዛፍ በዛፉ ሰቀልኋቸው።

መስከረም ጠባ። አደይ አበባው ወጣ፣ ዳገቱ ሁሉ ቢጫ ሆነ። ቤት ፈላጊ ንቦች ይመጣሉ። አንዷ ትመጣለች፣ የቀፎውን አፍ ትዞራለች፣ ትሄዳለች። ሌላዋ ትመጣለች፣ ትሄዳለች። ልጄ ማታ ማታ እየደወለች፣ "ደህና ነሽ እማ?" ትለኛለች። "ደህና ነኝ" እላታለሁ። "ገቡ?" ትለኛለች። "ሊገቡ ነው" እላታለሁ። ሁለቱም ውሸት ነበር። መንጋ የሚበዛበት ጊዜ እያለፈ ነበር፣ እኔም ምን እንዳጎደልሁ አላውቅም።

የባሰውን ያደረግሁት ከዚያ በኋላ ነው። በክዳኑ ሥር ያለው የአባቴ ቀፎ ጎኑ በስብሷል። ይኸማ ንቦቹን ያሳምማል አልሁና፣ ወንድሜን ለምኜ ኩበት አጭሶልኝ፣ ካጠብኋቸው ከስምንቱ አንዱን ከዛፉ አውርጄ እንደገና አጥቤ መንጋውን ወደሱ አዛወርሁት። በነጋታው አሮጌውን ቀፎ ቆራርጬ ማገዶ አደረግሁት። ሲነድ የማር ሽታ ሸተተ። ያ ሽታ እንኳ አላነቃኝም።

እንግዲህ በሦስተኛው ቀን ነው ንቦቹን በአፉ ላይ ተንጠልጥለው ያየኋቸው።

አፈር ዘግኜ ቆምሁ። መንጋ ሲነሣ አፈር ይበተንበታል፣ ውሃ ይረጭበታል፣ ዝናብ መስሎት እንዲያርፍ። ብዙ አልቆየም። ያ ጢም የመሰለው ነገር ከሥሩ መፈታት ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ክር፣ ከዚያ እንደ ጭስ። ግቢው ላይ ጥላ አጠላ። በቆሎ ላይ ከሩቅ እየገሰገሰ የሚመጣ ዝናብ የሚያሰማውን ድምፅ ሰማሁ። አፈሩን በተንሁ፣ ከእንስራው ውሃ በጣሳ እየቀዳሁ ረጨሁ። ውሃው በራሴ ላይ ተመለሰ። መንጋው ከባሕር ዛፉ በላይ ከፍ አለና ወደ ወንዙ አቅጣጫ ዞረ።

በእኛ አገር ደንቡ የታወቀ ነው። የተነሣ መንጋ ዓይን እስካልለቀቀው ድረስ የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ እየተከተለ የሰው ማሳ ቢገባ፣ አጥር ቢያልፍ አይጠየቅም። ዓይኑ ከለቀቀው ግን መንጋው የማንም ነው፣ ያረፈበት ዛፍ ባለቤት ይወስደዋል። ስለዚህ የሚከተል ሰው እየጮኸ ይሄዳል፣ የሰማ ሁሉ ምስክር እንዲሆነው።

ጫማዬን ጥዬ ተከተልሁ። አንገቴ ወደ ሰማይ ነው፣ እግሬ የራሱን መንገድ ይፈልጋል። የወንድሜን በቆሎ አለፍሁ። ከማዶ በቆሎ የሚጠብቅ ሰው ድምፅ መጣ።

"የማን ነው?"

"የእኔ ነው፣ ዓይኔ ላይ ነው።"

"እግርሽንም እይ እንጂ፣ ከፊትሽ ገደል አለ።"

ገደሉን በቂጤ ተንሸራትቼ ወረድሁ፣ ወንዙን ተሻገርሁ። ወዲያ ማዶ ያለው ሁሉ ኑግ ነው። አብቦ፣ እስከ ወገቤ ይደርሳል። መንጋው በኑጉ ላይ ሲደርስ ዝቅ አለ፣ ፍጥነቱን ቀነሰ። በሥሩ ገባሁ።

ያን ነገር እንዴት እንደምነግር አላውቅም። ቢጫው ከዳር እዳር ነው፣ ነፋስ ሲነካው እንደ ውሃ ይተኛል፣ ይነሣል። ከላዬ ንቦቹ ይዘምራሉ። ያ ረዥሙ፣ የማይቆረጠው ዝማሬ ተመለሰ፤ መንገድ ላይ ሲሆኑ አይበሳጩም። በውሃ ወለል ሥር የምሄድ መሰለኝ። ክብደት የለኝም። የአባቴ እጅ አናቴ ላይ ያረፈ መሰለኝ፣ ያ ሻካራው፣ ሰም ሰም የሚለው። መሥሪያ ቤቱ፣ ማመልከቻው፣ የወንድሜ ሽሙጥ፣ የልጄ ጥያቄ፣ ሁሉም እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ሆነ። ፍርሃቴን ረሳሁት። ከደስታው ብዛት ዓይኔን ከደንሁ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል።

ስገልጥ ፀሐይ ፊት ለፊቴ ነበረች። ሰማዩ ነጭ ነው። መንጋው የለም።

ወዲያ ዞርሁ፣ ወዲህ ዞርሁ። የኑጉ ንቦች አበባ ላይ ናቸው፣ የእኔ ግን አይደሉም። ከማሳው ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ክፉ ቀን እንዴት ይገባል ቢሉኝ እንዲህ እላለሁ፤ በጫጫታ አይገባም፣ ቢጫ አበባ መሐል ዓይንሽን ስትከድኚ ይገባል። ለልጄ ምን ልበላት ብዬ አሰብሁ። ማታ ትደውላለች። ደህና ነሽ ትለኛለች። ሽርጤን ለብሳ ኮሪደሩን የምትወለውለው ሴት ታየችኝ፤ ባልዲዬ በእጇ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ይዤው ስኖር አንድ ቀን እንኳ ያን ባልዲ አመስግኜው አላውቅም።

ነጠላዬን እስከ ፊቴ ድረስ ተከናነብሁ። ዓይኔ ምንም ስለማያይ ነው መሰለኝ ጆሮዬ ተከፈተ። እንደ ልጅነቴ፣ እንደ መደቡ ላይ። ከዳገቱ በላይ፣ ከአንድ ግቢ ውስጥ፣ ከጭቃ ግድግዳ ወዲያ እንዳለ ሆኖ ያ ድምፅ መጣ።

ተነሥቼ ድምፁን ተከተልሁ። አንድ ትልቅ ዋንዛ ያለበት ግቢ አደረሰኝ። ከዋንዛው ሥር አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ለብሰው በዱላቸው ተደግፈው ወደ ላይ ያያሉ። የማላውቃቸው ሰው ናቸው።

"እንደምን ዋሉ አባባ።"

"እግዜር ይመስገን። ማንን ፈልገሽ ነው?"

"እንግዳ መጥቶብዎት እንደሆነ ብዬ ነው።"

"መጥቷል" አሉ በዱላቸው ወደ ላይ እያሳዩ፣ "ያውም እልፍ ሆኖ።"

መንጋው ከፍ ባለው ቅርንጫፍ ላይ እንደ ቅል ተንጠልጥሏል።

"ያንቺ ነው?"

"የእኔ ነበር።"

"ዓይንሽ ለቆታል?"

የሚመሰክርብኝ ሰው አልነበረም። ኑጉ ብቻ ነው ያየኝ። አልለቀቀም ብል አልቋል። ግን ለልጄ በየማታው የምነግራት ውሸት በአፌ ሞልቶ ነበር መሰለኝ፣ ለሌላ ውሸት ቦታ አልተረፈኝም።

"ለቆታል አባባ። ኑጉ መሐል ለቆታል።"

"እንግዲያስ የእኔ ነው።"

"የእርስዎ ነው።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?"

"ጥቂት ልየው ብዬ ነው።"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ባዶ እግሬን፣ የረጠበ ቀሚሴን። የማን ልጅ ነሽ አሉ። የአባቴን ስም ነገርኋቸው።

"የእሱ ንብማ ሸሽቶ አያውቅም። ምን አደረግሽው?"

"ምንም። አጠብሁለት እንጂ።"

"ምኑን?"

"ቀፎውን።"

"እጅሽን አምጪ" አሉና ያዙኝ፣ አሸተቱት፣ እንደ ፍየል አፍንጫቸውን ነፉ። "ምንድን ነው ይኸ?"

"በረኪና ነው አባባ። ጀርም ይገድላል።"

"ጀርም ማነው?"

"በዓይን የማይታይ ቆሻሻ ነው።"

"በዓይን ካልታየ ምን አጣላችሁ?" አሉ። ከዚያ ሣቁ፣ ጋቢያቸው እስኪወርድ ሣቁ። እኔም ምኔ እንደሆነ ሳላውቅ ሣቅሁ፣ ከዚያ አለቀስሁ። ሣቃቸውን አቁመው፣ "ስሚኝ ልጄ፣ አንቺን አዲስ ቤት ሠርተው በርበሬ አጥነው ግቢ ቢሉሽ ትገቢያለሽ? ንብ የሚገባው ንብ ወደ ኖረበት ቤት ነው። ያ ያጠብሽው ጥቀርሻ እኮ ደጁ ነው፣ የዘመዱ ሽታ ነው" አሉኝ።

ስምንቱ ነጫጭ ቀፎዎቼ በዓይኔ መጡ። ፊቴ ተቃጠለ።

"እስከ ማታ ካልወረደ ነገ ፀሐይ ሲሞቅ ይሄዳል" አሉ ወደ ላይ እያዩ። "ለአንቺም አይሆን ለእኔም አይሆን። ልጆቼ ከተማ ናቸው። የእኔ እጅ እንደምታይው ይንቀጠቀጣል።"

"እኔ እወጣለሁ።"

"ሴት ዛፍ ላይ?"

"አባባ፣ አሥራ ሰባት ዓመት የሦስተኛ ፎቅ መስኮት በውጭ በኩል ወልውያለሁ።"

"ፎቅ እኮ ቅርንጫፍ የለውም።"

"ለዚያ ነው ዛፍ የማይከብደኝ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያስ ካወረድሽው ያንቺ ነው። ከዛፍ የወረደ መንጋ ላወረደው ሰው ነው።"

"ደንብ ነው?"

"ዛሬ ያወጣሁት ደንብ ነው።"

ከጎተራው ጀርባ የሟች ሚስታቸውን ቀፎ አወጡ። ጥቁር ነው፣ ሸረሪት አለበት፣ ከሥሩ አሮጌ ሰም ተጣብቋል። እጄ ሳላዝዘው የነጠላዬን ጫፍ ይዞ ሊጠርገው ሄደ።

"እጅሽን ሰብስቢ" አሉኝ።

ሰበሰብሁ። በጥንጁት ቅጠል አጠኑት፤ ወተት ዕቃ የሚታጠንበት ያ ቅጠል ነው፣ ጭሱ ልጅነቴን ይሸታል። ለእጄ ደግሞ አመድ፣ ከአመዱ በኋላ እርጥብ የጥጃ እበት፣ እሱ ሲደርቅ ፍርፍር አድርጌ እንደገና በጭሱ ላይ። አሥራ ሰባት ዓመት የታጠበ እጄን በእበት ስለቀልቅ በሩ ላይ የቆመችው፣ ባሏ ከተማ ሆኖ ከእሳቸው ጋር የምትኖረው ምራታቸው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሣቋን እንደሆነ አውቄያለሁ። አልከፋኝም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወጣሁ። ቀፎውን በገመድ አስሬ ወደ ላይ ሳብሁት፣ ከመንጋው ሥር አፉን ወደ ላይ አድርጌ በጭኔ ደገፍሁት። መንጋው ፊቴ ላይ ነው። ይተነፍሳል። የጠገበ ንብ አይናደፍም፣ ግን እኔን ከዚያ ሁሉ በኋላ ምን ብሎ ያምነኛል? ቅጠል ባለው ቀንበጥ ቀስ ብዬ ወደ ታች ጠረግሁት። በአንድ ጊዜ ክብደቱ ቀፎው ውስጥ ወደቀ፣ እንደ ሊጥ። የቀሩት ክንዴ ላይ ወጡ። በሺህ የሚቆጠር ትንሽ እግር፣ ሙቀት። ድምፃቸው በክንዴ ገብቶ ደረቴ አጥንት ውስጥ ተቀመጠ። እየነደፉኝ አልነበረም። እያሸተቱኝ ነበር።

ከዚያ አንዷ ከክንዴ ወርዳ በቀፎው አፍ ገባች። ሌላዋ ተከተለቻት።

"አውራው ገብቷል" አሉ አባባ ከታች። "ተይ፣ አትንቀሳቀሺ። ራሳቸው ይገባሉ።"

ሲገቡ መሸ። ቀፎውን አውርጄ በማድ ቤታቸው ክዳን ሥር አኖርነው። ምራታቸው ራት ሰጠችኝና ማድ ቤቱ ውስጥ ከግድግዳው ጥግ አነጠፈችልኝ። ልጄ ስትደውል አላነሣሁም። ለዚያች ሌሊት የምነግራት እውነት አልነበረኝም፣ ውሸቱም አልቆብኛል። አዛውንቱ ከመተኛታቸው በፊት እንዲህ ብለውኝ ነበር፤ "ገቡ ማለት ተቀመጡ ማለት አይደለም። ጠዋት እግራቸውን እይ። ባዶ እግራቸውን ከገቡ አዳሪ ናቸው። የአበባ ዱቄት ይዘው ከገቡ ግን ልጅ ሊያሳድጉ ነው፣ ልጅ ያሰበ ደግሞ ቤት አይለቅም።"

በመጀመሪያው ጠዋት ባዶ እግራቸውን ገቡ። ቀኑን ሙሉ ከደጃቸው ቁጭ አልሁ። ምራታቸው ምሳ ብታቀርብልኝ አልወርድ አለኝ። እያንዳንዷን ንብ እግር እግሯን አያለሁ። ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። እኔ ለልጄ ብዬ ስንት ዓመት ቤቴን ሳልለቅ እንደኖርሁ አሰብሁ፣ ሥራውንም ስለቅ ለእሷ ሳላስብ እንደለቀቅሁ አሰብሁ። ሁለተኛው ግን እውነት አልመሰለኝም። ስለቅም ስይዝም አስቤላታለሁ። እናት ሁለቱንም ትሸከማለች።

በሁለተኛው ጠዋት ጤዛው ሳይነሣ ተነሣሁ። ጭጋጉ ከወንዙ ወጥቶ የኑጉን ማሳ ሸፍኖታል፣ ከላዩ የዋንዛው አናት ብቻ ይታያል። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ጣልሁ። ዝማሬው ረዥም ነው። አይቆረጥም። ወደ ደጅ ወጥቼ ቀፎው ፊት ተንበረከክሁ።

ፀሐይ ጭጋጉን ስትገልጥ ከኑጉ በኩል አንዲት ንብ መጣች። ከብዷታል፣ ዝቅ ብላ ነው የምትበርረው። አፉ ላይ ዐረፈች። በሁለቱም የኋላ እግሮቿ ላይ ቢጫ ነገር ተሸክማለች፣ የጤፍ ፍሬ የሚያህል፣ የእኔን ዓይን የጋረደኝ ያው ቢጫ። ሳታሸት ገባች። ሌላዋ መጣች፣ እሷም ተሸክማለች። ሌላም።

አባባን ጠራኋቸው። መጥተው ጎንበስ ብለው አዩ፣ በዱላቸው መሬቱን መታ አደረጉ። "ተቀመጡ" አሉ። "ማሩ ሲቆረጥ ታቀምሽኛለሽ። የነገርሽኝን ስምንቱን ባዶ ቀፎ ግን አሁኑኑ ሄደሽ እበት ለቅልቂያቸው፣ ሰምም ከዚህ ውሰጂ። ሁለተኛ መንጋ የሚነሣበት ጊዜ ገና አለ።"

ስልኬን ከጉያዬ አወጣሁ። ልጄ ገና ትምህርት ቤት አልሄደችም። ደወልሁላትና እስክትጠይቀኝ ጠበቅሁ።

"እማ? ሁለት ማታ ስደውል ለምን አላነሣሽም? ደህና ነሽ?"

ንቦቹን አየሁ። ቢጫ እግራቸውን ይዘው ይገባሉ።

"ደህና ነኝ" አልኋት። "አሁን እውነቴን ነው። ደህና ነኝ።"